«ዕድሜ ነው» የምትባለው ምርመራ

አዛውንቱ ቀበቶአቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ጨመሩ። ልጆቻቸው አዩ፤ «ዕድሜ ነው» ብለው አለፉ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም የደም ግፊታቸው ተለካ፣ ደማቸው ተመረመረ፣ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ስለ ቀበቶው የጠየቀ ግን አልነበረም።

እንዲህ ያሉ አዛውንት በየቤቱ አሉ። ዕድሜ የምግብ ፍላጎትን እንደሚቀንስና ጡንቻን እንደሚያሳሳ አልክድም። ነገር ግን ሳያስቡት በስድስት ወር ውስጥ ከክብደታቸው ከ5 በመቶ በላይ ያጡ ሰው የከሱበት ምክንያት መፈለግ አለበት። 60 ኪሎ ለሚመዝኑ ሰው ይህ 3 ኪሎ ብቻ ነው፤ ልብስ በቀላሉ ይሸፍነዋል።

ስለዚህ የአረጋውያን የምግብ እጥረት ልየታ፣ ማለትም ማን እጥረት ወይም ስጋት እንዳለበት በአጭር ጥያቄ መለየት፣ እንደ ደም ግፊት ልኬት በየቀጠሮው መደረግ አለበት እላለሁ። ጊዜ የለም የሚለው ምክንያት አያሳምነኝም። ሚኒ ኑትሪሽናል አሰስመንት የሚባለው መጠይቅ አጭር ቅጽ ስድስት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው፤ አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ባለፉት ሦስት ወራት የሚበሉት ቀንሷል? ክብደትስ? ከቤት ይወጣሉ? ከባድ ሕመም ወይም ሐዘን ደርሶብዎታል? የመርሳት ወይም የድብርት ችግር አለ? ስድስተኛው ክብደትን ከቁመት ጋር ማመዛዘን ነው። ከ14 ነጥብ 12ና ከዚያ በላይ ያገኘ ደህና ነው፤ ከ8 እስከ 11 ስጋት አለበት፤ ከ7 በታች ወይም 7 ከሆነ እጥረቱ ገብቷል።

መቆም ለማይችሉ ሰው ሚዛንም አያስፈልግም። ሜትሩን በባታቸው ወፍራም ቦታ ላይ ሳያጠብቁ ማዞር ይበቃል። ከ31 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጡንቻው መሟጠጡን ይጠቁማል። እግሩ ካበጠ ግን ልኬቱ ይዋሻል፤ ይህን የሚለካው ሰው ማወቅ አለበት።

ዓይንም ይዋሻል። ሰውነታቸው ሞላ ያሉ አዛውንት ጡንቻቸው አልቆ ስቡ ብቻ ሊቀር ይችላል፤ «ኧረ እሳቸው ደህና ናቸው» ይባላል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ያጠራቀመው ውሃ ሚዛኑን ከፍ ያደርገዋል። ጀርባ ሲጎብጥ ቁመት ያጥራል፤ ስሌቱም የከሳውን ሰው ወፍራም ያስመስለዋል። በዘርፉ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ስምምነት ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የዚህ ስሌት ውጤት (ክብደት በኪሎ፣ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ሲካፈል) ከ22 ካነሰ ያሳስባል፤ ለሌላው አዋቂ የተለመደው 18.5 ለእነርሱ ዘግይቶ የሚደወል ደወል ነው። አልቡሚን የሚባለውን የደም ፕሮቲን መለካትም መፍትሔ አይሆንም፤ በሕመምና በብግነት ጊዜ፣ ሰውየው በደንብ እየበላም ቢሆን፣ ይወርዳል።

አንድ ተቃውሞ ግን እቀበላለሁ፦ ነጥብ መዝግቦ ፋይል መዝጋት ማንንም አያጠግብም። በስዊዘርላንድ ስምንት ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ከ2,000 በላይ ስጋት ያለባቸውን ሕሙማን ተከታትሏል። ለእያንዳንዱ የሚስማማ የአመጋገብ ድጋፍ ከተደረገላቸው ውስጥ በ30 ቀናት የሞቱት 7 በመቶ ሲሆኑ፣ የተለመደውን የሆስፒታል ምግብ ከተመገቡት ግን 10 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው ከልየታው በኋላ የተሠራው ሥራ ነው።

ያ ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ይብሉ እንጂ!» ከማለት የተለየ ነው። ሰው ሲከሳ ድዱም ይሟሽሻል፤ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ይላላል፤ ማኘክ ያማል፤ ያነሰ ይበላል፤ የበለጠ ይከሳል። እንደ ሜትፎርሚን (የስኳር ሕመም) እና ዲጎክሲን (የልብ ሕመም) ያሉ መድኃኒቶች የምግብ ፍላጎት ሊዘጉ ይችላሉ። ብቻውን የሚበላ ሰው ቶሎ ይነሳል። ሐኪሞችም ድርሻ አለን የማይሉበት ምክንያት አይታየኝም፤ በ50 ዓመት ጨው፣ ስኳርና ቅባት የከለከሉትን ሰው በ80 ዓመቱ ያው ክልከላ ላይ ትተውት ሳህኑ ባዶ ሆኗል።

ደግሞ ልየታውን ማን ያድርገው በሚለው ክርክር አንድ ሰው ሁልጊዜ ይረሳል። በሆስፒታል ክፍል ውስጥ ትሪውን ከአልጋው አጠገብ የሚያነሳው ሠራተኛ፣ ያልተነካውን ምግብ በቀን ሦስት ጊዜ ያያል። የሚያየውን የሚጽፍበት ቅጽ ግን የለውም። እኔ ብሆን እስክሪብቶውን መጀመሪያ ለእሱ እሰጥ ነበር።