ድንጋዩ ዝም ቢልም ሽማግሌው ይናገራሉ

ስለ ዘር ሐረግ ፍለጋ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «የአያትህን ዱካ ከፈለግህ ከመቃብራቸው ጀምር፤ ድንጋዩ ላይ ስምና ዓመት ታገኛለህ» ይላል። ለከተማ ልክ ነው። እኔ ግን ቅድመ አያቴን ፍለጋ መንዝ ድረስ ሄጄ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያገኘሁት ከጽድ ሥር የተከመረ ድንጋይ ብቻ ነው። አንድ ፊደል እንኳ የለበትም።

ያዳኑኝ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጀመሩ። እኔ ሦስት ላይ ስቆም እሳቸው ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ፤ ያውም በቃላቸው! ነገሩ ለጋብቻ ብቻ አይደለም። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በዚያ አገር ርስት የሚጠየቀው ትውልድ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ተቆጥሮ ነበር። መቁጠር ያልቻለ መሬት ያጣ ነበር። (አያቴ ይህን ሲያወሩ እኔ ኳስ አይ ነበር፤ አሁን ይቆጨኛል።)

ለምትሄዱ ሁሉ፦ የክርስትና ስም ይዛችሁ ሂዱ። ካህናቱ በፍትሐትም በተዝካርም የሚጠሩት በእሱ ስለሆነ፣ በዓለም ስም ብትጠይቋቸው ግራ ሊገባቸው ይችላል። ችግሩ ወለተ ማርያም በየቤቱ አለች። ስለዚህ የየትኛው ጽዋ ማኅበርተኛ እንደነበሩም ጠይቁ።

ደግሞ ከጎን ያለው መቃብር የማን እንደሆነ ሳትጠይቁ አትመለሱ። ዘመድ ከዘመዱ አጠገብ ነው የሚቀበረው። ቅድመ አያቴ እህት እንደነበረቻቸው ያወቅኩት እንዲህ ነው። ቤታችን ውስጥ ስሟን አንስቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።