ማስተካከያ፦ የክላሲክ መኪና የማብሪያ ማጥፊያ ሰሌዳ

ባለፈው ስለዚህ ሰሌዳ አገጣጠም ስጽፍ «አንድ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ለሁሉም ይበቃል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ቀጭን ሽቦ 30 አምፔር ሳይደርስ ግሎ ልባሱ ሊቀልጥ ይችላል፤ ፊውዙ ግን ዝም ብሎ ያየዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መስመር እንደ ሽቦው ውፍረት የራሱን ፊውዝ ስጡት። ዋናው ፊውዝ ባትሪው አጠገብ ይሁን።

የፊት መብራቱን በቀጥታ በማብሪያው አሳልፉት ማለቴም ልክ አልነበረም። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ባለ 6 ቮልት መኪና ከሆነማ ለዚያው ዋት አምፔሩ እጥፍ ነው። ይህ ለማብሪያው ስለሚበዛ ሪሌ (በትንሽ ጅረት ታዞ ትልቁን ጅረት የሚያሳልፍ ማብሪያ) ግጠሙለት፤ ማብሪያው ሪሌውን ብቻ ይዘዝ።

ኦሪጅናሉን ዳሽቦርድ አትብሱት ያልኩት ግን እንዳለ ነው።