ስለ ከሪየር እና አይቭስ ሥዕሎች ቀለም፦ እርማት

የኒውዮርኩ የሥዕል አታሚ ድርጅት ከሪየር እና አይቭስ «ባለቀለም ሥዕሎቹን በማሽን እያተመ ያወጣ ነበር» ተብሎ እዚህ የተጻፈው፣ በየቦታው የሚደጋገም ቢሆንም፣ ከእውነታው የራቀ ነው። ናትናኤል ከሪየር በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራውን ከጀመረ አንስቶ፣ በሒሳብ ሠራተኛነት የገባው ጄምስ አይቭስ በ1857 ሸሪክ ከሆነም በኋላ፣ ሥዕሉ ተሥሎበት ከሚታተምበት ድንጋይ ላይ የሚወጣው አብዛኛው ሥዕል በጥቁር ቀለም ብቻ የታተመ ነበር።

ቀለሙን የሚቀቡት ሴቶች ነበሩ። በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠውን ናሙና እያዩ፣ አንዷ ሰማዩን በሰማያዊ፣ ሌላዋ ሣሩን በአረንጓዴ እየቀባች፣ እያንዳንዷ የራሷን አንድ ቀለም ብቻ ጨርሳ ወረቀቱን ለቀጣይዋ ታሳልፋለች፤ በመጨረሻም አንዲት ሠራተኛ የጎደለውን ታስተካክላለች። የአንድ ሥዕል ሁለት ቅጂዎች በቀለም የሚለያዩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን የሐሰተኛነት ምልክት አድርጎ መውሰድ፣ በእኔ እይታ፣ ነገሩን መገልበጥ ነው።

ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ድንጋይ እያዘጋጁ በማተም የሚታወቀው የቦስተኑ ሉዊስ ፕራንግ ነው፤ ምናልባት የሁለቱ ስም ተምታቶ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ከሪየር እና አይቭስም በኋለኞቹ ዓመታት አንዳንድ ሥዕሎችን በቀለም አትሟል። ድርጅቱ የተዘጋው በ1907 ነው።

በእጅ ያለውን ቅጂ ለመለየት አጉሊ መነጽር ይበቃል፦ በዋናው ላይ የድንጋዩ ሻካራ ጥቁር ነጠብጣብና ከመስመር ያለፈ የብሩሽ ቀለም ሲታይ፣ በዘመናችን ማተሚያ በተባዛው ላይ ግን በሥርዓት የተደረደሩ ባለቀለም ነጥቦች ይታያሉ።