አንድ ወር ልምምድ ከጉብኝት አያልፍም

የሳይንስ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ሥራ ቦታ ወጥቶ ይለማመድ ወይስ አይለማመድ የሚለው ክርክር ሥርዓተ ትምህርት በተከለሰ ቁጥር ይነሳል። ቀጣሪዎች «ዲግሪ ይዘው ይመጣሉ፣ ሥራ ግን አያውቁም» ይላሉ። መምህራን «ዩኒቨርሲቲ ሥራ አስቀጣሪ ኤጀንሲ አይደለም» ብለው ይመልሳሉ። መጨረሻ ላይ ማንንም የማያስቀይም መላ ይገኛል፦ በዕረፍት ጊዜ አንድ ወር ኢንተርንሺፕ፣ ጥቂት ክሬዲት፣ «አልፏል» የምትል ማኅተም። እኔ ይህን መላ እቃወማለሁ። ጨርሶ ካለመላክ፣ ለአጭር ጊዜ ከመላክና ለረጅም ጊዜ ከመላክ የከፋው መካከለኛው ነው። ጨርሶ ያልተላከ ተማሪ ቢያንስ አለመለማመዱን ያውቃል።

እስቲ ወሩ ምን ላይ እንደሚያልቅ እንይ። አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ የመድኃኒት ጥራት መመርመሪያ ቤተ ሙከራ ገባች እንበል። የመጀመሪያው ሳምንት በደኅንነት ገለጻ፣ ባጅ በማውጣትና ወፋፍራም የአሠራር መመሪያዎችን አንብቦ «አንብቤ ተረድቻለሁ» ብሎ በመፈረም ያልፋል። ሁለተኛው ባለሙያው ሲሠራ ከኋላው ቆሞ በማየት ያልቃል። በሦስተኛው መሣሪያ መንካት ትጀምራለች፤ ነገር ግን ያገኘችው ውጤት የትም አይገባም። ኃላፊው ስለከፋባት አይደለም። የምርመራ ቤተ ሙከራዎች የሚመሩበት አይሶ 17025 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሠራተኛው ለሚሠራው ምርመራ ብቃቱ እንዲረጋገጥና ፈቃድ እንዲሰጠው፣ ይህም በመዝገብ እንዲያዝ ያዝዛል። የእሷ ብቃት ሊረጋገጥ ሲል አራተኛው ሳምንት ይደርሳል፤ እሱ ደግሞ የሪፖርት መጻፊያ ነው። በመሀል ያለው ጊዜ ብርጭቆ በማጠብ፣ ጠርሙስ ላይ ወረቀት በመለጠፍና ፋይል በመደርደር ይሞላል። ቤተ ሙከራውም ቢሆን ድካሙ ብቻ ነው የተረፈው፤ ያሠለጠናትን ልጅ አንድም ቀን ሳትሠራለት ሸኛት። በሚቀጥለው ዓመት «ተማሪ ተቀበሉ» ሲባል ፊቱን ቢያዞር አይፈረድበትም።

ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ሲሆን ሒሳቡ ይገለበጣል። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ተማሪዋ የምትጠቅምባቸው ወራት ይኖራሉ፤ ስለዚህ አስተናጋጁም እሷን ለማስተማር የሚያጠፋው ጊዜ አይቆጨውም። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ረጅም ልምምድ የተማሪው የገዛ ስሕተት ተመልሶ ደጁ እስኪመጣ ድረስ ይቆያል። በአንድ ወር ውስጥ ያበላሸኸው ነገር ከሄድክ በኋላ ነው የሚታወቀው፤ የሚያስተካክለውም ሌላ ሰው ነው።

ተራ የምትመስለውን የሥራ ደብተር ልውሰድ። በዩኒቨርሲቲ ላብ ተማሪው ከሚዛኑ ላይ ያነበበውን በቁራጭ ወረቀት ይጫጭርና ማታ ዶርም ውስጥ በንጹሕ ወረቀት ይገለብጠዋል። ያልተስማማው ቁጥር በግልበጣው መሀል ይጠፋል። መምህሩም የሚያርመው ንጹሑን ነው፤ ጽሑፉ ካማረ እንዲያውም ይመሰገናል። ቁጥጥር ባለበት የሥራ ቦታ ግን ይህ መዝገብ ማጭበርበር ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው በታየበት ቅጽበት፣ በማይለቅ ቀለም፣ ገጹ ቁጥር በተሰጠው ደብተር ላይ ነው። ስሕተት ሲፈጠር በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፤ ከመስመሩ ሥር ያለው አኃዝ አሁንም መነበብ አለበት። አጠገቡ ትክክለኛው ቁጥር፣ የተቀየረበት ምክንያት፣ ቀኑና ፊርማ ይሰፍራሉ። ጠረጴዛው ላይ ፍሉድ መገኘቱ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል። ይህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ሌክቸር መናገር ይቻላል፣ ፈተና ላይም ማምጣት ይቻላል። ልማድ የሚሆነው ግን የማታውቀው ኦዲተር ከወራት በኋላ ደብተርህን ገልጦ «ይህን የመዘንከው አንተ ነህ? የሚዛኑ የዚያ ቀን ካሊብሬሽን፣ በትክክል መለካቱ የተረጋገጠበት መዝገብ፣ የት አለ?» ሲልህ ነው።

ከደብተሩም የከበደ ነገር አለ። በመማሪያ ላብ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። ተማሪው ቲትሬሽን (አንድ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር መጠን ሌላ ፈሳሽ በጠብታ እየጨመሩ መለካት) ሠርቶ ውጤቱ ከሚጠበቀው ከራቀ ይደግመዋል፤ አሁንም ካልሆነ ይሠልሰዋል፤ የተስማማውን ጽፎ ያስረክባል። ማርኩንም ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ባር ላቦራቶሪስ በተባለው መድኃኒት አምራች ጉዳይ ውሳኔ ሲሰጥ፣ ከተነሱት ዋና ዋና ነጥቦች አንዱ ይኸው ልማድ ነበር፦ ከመስፈርት ውጪ የሆነ ውጤት ሲመጣ ለምን እንደመጣ ሳይመረምሩ እስኪያልፍ ድረስ ደጋግሞ መሞከር። ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለውም። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ያለ ውጤት ሲገኝ መጀመሪያ የሚመጣው ምርመራ መሆኑን በዝርዝር አስቀመጠ፦ ናሙናው በትክክል ተዘጋጅቶ ነበር ወይ፣ ስሌቱስ፣ መሣሪያውስ፣ የተሠራበት ፈሳሽ ገና ሳይደፋ አለ ወይ። ተማሪ ለዓመታት ማርክ ሲያገኝበት የኖረው ዘዴ ፋብሪካ ውስጥ የምርት ፈቃድ የሚያሳጣ ሆኖ ያገኘዋል ማለት ነው። ይህን ለማረም አንድ ወር ይበቃል የሚል ሰው ካለ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

የመምህራኑ ተቃውሞ ግማሹ እውነት ነው። የአንድን ኩባንያ መሣሪያ ቁልፍ መጫን ብቻ አስተምሮ የሚመልስ ልምምድ ሳይንስ አይባልም፤ መሣሪያው ከጥቂት ዓመት በኋላ ይቀየራል፣ ቁልፉን የተማረው ልጅም እንደ አዲስ ይጀምራል። ከላይ ያነሳሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ቁጥር ይታመናል ወይ፣ በምን ማስረጃ፣ ማን ፈርሞበታል የሚለው ጥያቄ የሳይንስ እምብርት ነው። የመለኪያ ስሕተትን ቀመር በቃሉ የያዘ ተማሪ የነገሩ ክብደት የሚገባው ሁለት ባለሙያዎች ከአንድ ጠርሙስ ቀድተው የተለያየ ውጤት ሲያመጡና የናሙናው ባለቤት ስልክ ሲደውል ነው። ቴዎሪው እዚያ ነው ሥጋ የሚለብሰው።

የምህንድስና ትምህርት ይህን ከገባው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኸርማን ሽናይደር የተባሉት ፕሮፌሰር በአሜሪካው ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የትምህርትና የሥራ ቅብብሎሽን የጀመሩት በ1906 ነው፤ ተማሪዎቹ አንድ ሳምንት ክፍል፣ አንድ ሳምንት ፋብሪካ እየሆኑ ተማሩ። ብዙዎች ከንቱ ሐሳብ ነው ብለዋቸው ነበር። በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ሲመሠረት ራሱን በዚሁ አሠራር ላይ አቆመ፤ ዛሬ ሳይንስና ሒሳብን ጨምሮ የሥራ ጊዜዎቹ እያንዳንዳቸው የአራት ወር ናቸው። በብሪታንያ «ሳንድዊች» የሚሉት ዲግሪ ደግሞ ከሁለተኛው ዓመት በኋላ አንድ ሙሉ ዓመት ሥራ ላይ አሳልፎ ለመጨረሻው ዓመት መመለስ ነው። መመለሱን ልብ በሉ። ልምምዱ መጨረሻ ላይ ከተንጠለጠለ ተማሪው ያየውን ይዞ መምህሩን የሚጠይቅበት ዕድል የለውም፤ መሀል ላይ ከገባ ግን የመጨረሻው ዓመት ክፍል ውስጥ ጥያቄው ይለወጣል። የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍሎች በብዙ ቦታ ወደ ኋላ የቀሩት፣ እንደሚመስለኝ፣ ላብ ስላላቸው ነው። ላብ አለን፣ ስለዚህ ተግባር አለን ብለው ያስባሉ።

ላብ የማይገቡትም አልተረሱም። የሒሳብና የስታትስቲክስ ተማሪ ከመረጃ ጋር ነው የሚውለው፣ የክፍል ውስጥ መረጃ ደግሞ ሁልጊዜ የታጠበ ነው። በ2020 መጸው እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16,000 የሚጠጉ በኮቪድ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊ ሪፖርት ወጥተው ተገኙ፤ ምክንያቱ የቆየው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 መስመር በላይ መያዝ አለመቻሉ ነበር። እዚያ የጠፋው የስታትስቲክስ ዕውቀት አልነበረም። የገባው መስመርና የወጣው መስመር እኩል መሆኑን የሚቆጥር ሰው ነው የጠፋው፤ ያንን የመቁጠር ጠባይ የሚያስይዝ ኮርስ ደግሞ አላየሁም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ረጅም ልምምድ ስል «ታዲያ ተማሪው ምን ይብላ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ወጥመድ እዚህ አለ። ጀርመን በ2015 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስታስጀምር፣ በትምህርት ደንብ ግዴታ የሆነ ልምምድን ከወለሉ ውጪ አደረገችው፤ ተማሪው በፈቃዱ የሚሠራው ከሦስት ወር የሚበልጥ ልምምድ ግን ይከፈልበታል። ብሪታንያም የዲግሪው አካል የሆነውንና ከአንድ ዓመት የማይበልጠውን ልምምድ ከዝቅተኛ ደመወዝ ነፃ አድርጋዋለች። ከዚያም አልፎ በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ለልምምዱ ዓመት ከከፍተኛው ዓመታዊ ክፍያ እስከ 20 በመቶ ማስከፈል ይችላሉ። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ «ግዴታ ነው» ብሎ በፈረመባት ቅጽበት ተማሪውን ከሕግ ጥላ ሊያስወጣው ይችላል። ፈረንሳይ በተቃራኒው በአንድ የትምህርት ዓመት ከሁለት ወር ለሚበልጥ ልምምድ አበል መክፈልን ግዴታ አድርጋለች፤ ልምምዱ ከስድስት ወር እንዳይበልጥም ወስናለች።

እኔ የፈረንሳዩን መንገድ እመርጣለሁ። ያለ ክፍያ የሚሠራ ስድስት ወር የሚችለው ቤተሰቡ የሚደጉመው ልጅ ብቻ ነው፤ ሌላው ወይ ማታ ማታ ሌላ ሥራ ይሠራል፣ ወይ ቅርብ የተገኘውን ቦታ ይዞ ብርጭቆ ያጥባል። የሚከፍል ድርጅት ደግሞ የከፈለበትን ሰው ያሠራዋል። ይህ ቀላል እውነት ከየትኛውም የጥራት ማረጋገጫ ቅጽ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ቅጹን ካነሳሁ አይቀር፣ የምዘናው ነገር ያስቃል። «ሰዓት አክባሪነት፦ በጣም ጥሩ። ተነሳሽነት፦ በጣም ጥሩ።» ኃላፊው የሚያስታውሰው ፊቱን ብቻ ቢሆንም ይሞላዋል፤ ለማን ብሎ ልጁን ይጎዳል? መምህሩ አንድ ጊዜ ስልክ ይደውላል፣ ተማሪው የድርጅቱን ታሪክ ከድረ ገጹ ገልብጦ ሪፖርት ያደርገዋል። መመዘን ካለበት ደብተሩ ይመዘን። ፈታኙ አንዱን ገጽ ገልጦ ይጠይቀው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ያስረዳ። ሚስጥር የሚጠብቁ ድርጅቶች ደብተር አናወጣም ካሉ፣ ፈታኙ እዚያው ሄዶ ይመልከት። የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ስድስት ወር ከየት ይመጣል ለሚሉ መምህራን ደግሞ እጩዬን ልጥቀስ፦ የመመረቂያው ጥናት። ጥሩ ጥናት የሚሠሩ አሉ፤ ለምርምር መንገድ የጀመረ ተማሪ፣ አማካሪውም ጊዜ ካለው፣ ጥናቱን ይዞ ይቀጥል። ለብዙሃኑ ግን የመጨረሻው ሴሚስተር ጥናት ኬሚካል ሲጠበቅ የሚያልቅ፣ አምስት ሰው ተሰብስቦ አንዱ የሚጽፈው፣ ካምናው ጥናት በርዕስ ብቻ የሚለይ ሥራ ነው። ተማሪው ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ፣ ክሬዲቱም እኩል ይሁን፤ ልምምዱን የመረጠው ልጅም እንደ ሰነፍ አይታይ።