ዕጢው ካንሰር ባይሆንስ?

ሰሞኑን በአንድ የኤፍኤም ሬዲዮ የጤና ሰዓት ላይ አንዲት እናት ደውለው ጠየቁ። የ16 ዓመት ልጃቸውን የሚጥል በሽታ ከጀመራት 7 ዓመት አልፎታል። ሦስተኛ መድኃኒቷ ላይ ናት። ኤምአርአይ ስትነሳ በቀኝ ቴምፖራል ሎቧ፣ ማለትም በጆሮዋ በኩል ባለው የአንጎሏ ክፍል ላይ፣ ካንሰር የማይመስል ትንሽ ዕጢ ታየ። ይውጣ ወይስ ይተው? እንግዳው ባለሙያ ለመመለስ ደቂቃም አልፈጀባቸው። ካንሰር ካልሆነ ጭንቅላት ማስከፈት አያስፈልግም፣ ኪኒኗን ሳታቋርጥ ትውሰድ አሉ። ይህ አልበቃ ብሏቸው፣ ቀዶ ሕክምና ያደረጉትም ቢሆኑ ኪኒን ስለማይተዉ ትርፉ እንደማይታያቸው ጨመሩበት።

ከመጨረሻው እንነሳ፤ ከተባለው ሁሉ ደካማው እሱ ነውና። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መድኃኒት የሚቀጥለው ሆን ተብሎ ነው። ብዙ ማዕከሎች ሕመሙ ሳይነሳ አንድ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ የሚጀምሩት። ሦስት ዓይነት ትወስድ የነበረች ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አንድ ትወርዳለች፤ ጨርሳ የምታቆምም አለች። ውጤቱ የሚለካበት የኤንግል ምደባ አንደኛውን ክፍል የሚሰጠው ራስ የሚያስተው ሕመም ለቀረለት ሰው ነው፤ ኪሱ ውስጥ ኪኒን ይኑር አይኑር ምደባው ግድ የለውም። በወር አምስት ስድስት ጊዜ የምትወድቅ፣ ምድጃ አጠገብ እንዳትቀርብ፣ ወንዝ ብቻዋን እንዳትወርድ የምትጠበቅ ልጅ፣ ማታ ማታ አንድ ኪኒን እየዋጠች ሳትወድቅ ዓመት ብትከርም ትርፉ አይታይም? በሚጥል በሽታ የተነሳ እሳት ላይ ወድቆ እጁን ወይም ፊቱን የተቃጠለ ሰው የገባበትን የቃጠሎ ክፍል አንድ ቀን የጎበኘ ሰው ትርፉን ፈልጎ አያጣውም።

ካንሰር አይደለም መባሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ማን ካንሰር ነው አለ? እንዲህ ባሉ ልጆች ላይ በብዛት የሚገኙት ጋንግሊዮግሊዮማና ዲኔት የሚባሉት ዕጢዎች አብዛኛውን ጊዜ በዓለም ጤና ድርጅት የዕጢ ምደባ ደረጃ 1፣ ማለትም ዝቅተኛው እርከን ላይ ያሉ፣ ለዓመታት የማያድጉ ወይም እጅግ ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው። የሚወጡት ይገድላሉ ተብሎ ሳይሆን ሕመሙን ስለሚቀሰቅሱ ነው። ጋንግሊዮግሊዮማ ራሱ የተዛቡ የነርቭ ሴሎች አሉበት፤ ዙሪያውን ያለው የአንጎል ቅርፊትም ብዙ ጊዜ ጤነኛ አይደለም። መድኃኒት ብልጭታው ወደ ሌላው የአንጎል ክፍል እንዳይዛመት ይይዘው ይሆናል፤ ምንጩን አይነቅለውም።

መቼም ሌላ ኪኒን እንሞክር የሚባለውን ያህል በዚህ በሽታ ላይ ዕድሜ የበላ ነገር የለም። የግላስጎዎቹ ክዋንና ብሮዲ በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ያወጡትን ጥናት የነርቭ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል፤ ማወቅ ግን አለበት ለማለት ሳይሆን ይጠቀምበት ለማለት ነው የማነሳው። ከዚያ በፊት መድኃኒት ጀምረው ከማያውቁ 470 ሕሙማን መካከል 47 በመቶው በመጀመሪያው መድኃኒት ሕመሙ ቆመላቸው። 13 በመቶው በሁለተኛው። ከዚያ ወዲያ በሦስተኛውም ሆነ ሁለት መድኃኒት አጣምረው በመውሰድ የቆመላቸው 4 በመቶ ብቻ ናቸው። ሦስተኛውን ማዘዣ የሚጽፍ ሐኪም ለቤተሰቡ የሚሰጠው ተስፋ ይህችን ታክላለች። ዓለም አቀፉ የፀረ-ሚጥል በሽታ ሊግ በ2010 ነገሩን ቆርጦ ሁለት በአግባቡ የተመረጡ መድኃኒቶች በበቂ መጠን ተወስደው ካልሠሩ በሽታው መድኃኒት የማይበግረው ነው አለ። በ2022 ደግሞ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ሳይውል ሳያድር ለቀዶ ሕክምና ግምገማ ይላክ ሲል፣ ወሳኝ ሥራ በማይሠራ የአንጎል ክፍል ላይ ዕጢ የታየበት ሰው በአንድ ሁለት መድኃኒት ሕመሙ ቢቆምለት እንኳ መላኩ ይታሰብበት አለ። የሬዲዮዋ ልጅ ሁለተኛዋን መድኃኒት ያለፈቻት ድሮ ነው። እኛ ጋ ግን ከፌኖባርቢታል ወደ ካርባማዜፒን፣ ከካርባማዜፒን ወደ ቫልፕሮኤት፣ አንዱ ከፋርማሲ ሲጠፋ ወደ ሌላው፣ እንዲህ እየተባለ ልጅ 8ኛ ክፍልን ሳታልፍ ለአቅመ ሔዋን ትደርሳለች። ቫልፕሮኤት ላይ ያለች ወጣት ብታረግዝ ጽንሱ ምን እንደሚደርስበት ማስታወስ ያለብኝ አይመስለኝም።

በሌላው ሚዛን ላይ ምን አለ? በ2020 ከአውሮፓ ማዕከሎች የተሰበሰበ የ9,147 ሕሙማን መረጃ፣ በአዝጋሚ ዕጢ ምክንያት ቀዶ ሕክምና ካደረጉት 77.5 በመቶው ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ራስ ከሚያስት ሕመም ነፃ መሆናቸውን ያሳያል። ካቨርኖማን የመሰሉ የደም ሥር እክሎች የወጡላቸው 74 በመቶ ናቸው። በካናዳዋ ለንደን በ2001 የታተመው ሙከራ 80 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን ወደ ቀዶ ሕክምና ሲያስገባ ግማሹን በመድኃኒት ወረፋ አስጠበቀ። በዓመቱ ራስ ከሚያስት ሕመም ነፃ የሆኑት ከቀዶ ሕክምናው ወገን 58፣ ከመድኃኒቱ ወገን 8 በመቶ ሆኑ። በዚያ ዓመት የሞተው አንድ ሰውም ከጠባቂዎቹ ወገን ነበር። ይህ የነጮች አገር ነገር ነው ለሚል፣ በ2017 ኒው ዴልሂ ላይ በ116 ልጆች የተደረገው ሙከራ 77 ለ7 በመቶ አውጥቷል። ኒው ዴልሂ ነው፤ የእኛ ሕሙማን ለልብና ለኩላሊት የሚበሩበት ከተማ።

ሁሉም አይድንም። የሕመሙ ምንጭ ፎካል ኮርቲካል ዲስፕሌዢያ (የአንጎል ቅርፊት ከአፈጣጠሩ የተዛባበት ቦታ) ዓይነት 1 ሲሆን ውጤቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የእንግሊዟ ለንደን የነርቭ ሆስፒታል፣ ኩዊን ስኩዌር፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በተከታተላቸው 615 ጎልማሶች ውስጥ 10 ዓመት ሙሉ ያልተመለሰባቸው 47 በመቶ ናቸው። ይሁን። ከሦስተኛው መድኃኒት 4 በመቶ ጋር ሲተያይ ግን ማን ነው የሚያፍረው?

ውጤቱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከቢላዋው በፊት ነው። ሲቲ ስካን ላይ ነጭ ነጥብ ይታይና የድሮ ኢንፌክሽን ጠባሳ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ጋንግሊዮግሊዮማም እኮ ካልሲየም ይቋጥራል። ኤምአርአይ ቢታዘዝም ለራስ ምታት በሚነሳበት የ5 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ይነሳና ንጹሕ ነው ይባላል። ለዚህ በሽታ 1 ሚሊ ሜትር ቁራጭ፣ ፍሌር የሚባለው የአነሳስ ዓይነት፣ ሂፖካምፐስን (በቴምፖራል ሎብ ውስጥ ያለውን የትውስታ ክፍል) አቋርጦ የሚነሳ ኮሮናል ምስል፣ ካቨርኖማ እንዳያመልጥም የደም ቅሪት የሚያሳየው ዓይነት ያስፈልጋል። የግማሽ ሰዓት ኢኢጂ (የአንጎል የኤሌክትሪክ ቅጂ) ደህና ነው ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ ሕመሙ ሲነሳ የተቀዳ ቪዲዮ ኢኢጂ ነው የሚፈለገው። ቀዶ ሕክምናው ውስጥም ዋናው ስሕተት ቁራጭ ማስቀረት ነው። የካቨርኖማው እንክብል ወጥቶ በዙሪያው ያለው ዝገት የመሰለ የብረት ቅሪት ከቀረ፣ ወይም ዕጢው ወጥቶ አብሮ የታመመው ሂፖካምፐስ ከተተወ፣ ሕመሙ ይመለሳል። ከዚያ ቀዶ ሕክምና አይሠራም ተብሎ ይወራል።

ጉዳት የለውም አላልኩም። ዘላቂ ከባድ የነርቭ ጉዳት ወደ 5 በመቶ ይጠጋል፤ በቴምፖራል ሎብ ሞት ከ1 በመቶ በታች ነው። በተቃራኒው ወገን የላይኛው የእይታ ማዕዘን ሊቀነስ ይችላል። ግራው ሲነካ፣ በተለይ ቀድሞ ጥሩ ትውስታ ለነበረው ሰው፣ ስምና ቃል ማስታወስ ይከብዳል። ያችኛዋ ልጅ ግን ዕጢዋ በቀኝ ነው። አለመነካትም ዋጋ አለው፤ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ጎልማሶች በየዓመቱ ከ1,000 አንዱ በድንገት፣ ብዙ ጊዜ በእንቅልፉ፣ ይሞታል። መድኃኒት ባልበገረው ሰው ላይ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ነው።

አገሩ ሐኪም የለውም እንዳይባል፣ ጥቁር አንበሳ ከኖርዌይ በርገን ጋር የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው። ከቴምፖራል ሎብ ዕጢ የሚያወጣ እጅ አለ። እጁ ዘንድ የሚያደርስ ወረቀት ነው የታጣው። ሲዲ ላይ የተቀዳው የኤምአርአይ ፊልም፣ የተወሰዱት መድኃኒቶች ከነሚሊግራማቸውና ከነጊዜያቸው፣ ሕመሙ ሲነሳ በየትኛው እጅ እንደሚጀምርና ንግግር እንደሚያጠፋ ወይም እንደማያጠፋ፣ ቤተሰብ በስልክ የቀዳው ቪዲዮ፤ ቀዶ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ነው። ለመጻፍ ግማሽ ገጽ ይበቃል።