ንስሩ ሲያልፍ ካልቆጠርነው መቼ እንቆጥረዋለን?

ሰሞኑን በአንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ የአዳኝ ወፎችን የፍልሰት ቆጠራ ጊዜ ያለፈበት ሥራ ነው ብለው ሲያጣጥሉት ሰማሁ። ነገራቸው ሲጠቀለል ይህ ነው፤ ተራራ ላይ ቆሞ የሚያልፍ ወፍ መቁጠር የወፍ ወዳጆች ጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ሳይንስ አይደለም፤ ነፋስ በዞረ ቁጥር ቁጥሩም አብሮ ይዞራል፤ ሳተላይት ባለበት ዘመን ለቆጣሪ የሚወጣው ገንዘብ ወደዚያ ይዙር። ከተሰብሳቢው ብዙው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔን ከንግግሩ ይልቅ ያንገበገበኝ ይሄ መስማማት ነው።

ከሁሉ የላላው የሳተላይቱ ነገር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በሳተላይት ለመከታተል በንስር ጀርባ ላይ የታሰረ መሣሪያ ንስሩ የት እንዳደረ፣ በየት በኩል ባሕር እንደተሻገረ፣ የት ወድቆ እንደቀረ ይናገራል። ስንት ንስር እንዳለ ግን አይናገርም፤ ሊናገርም አይችልም። ሠላሳ ንስር ላይ መሣሪያ ያሰረ ሰው ስለ ሠላሳ ንስር ያውቃል። የቀሩት እየበዙ ይሁን እያለቁ በምን ያውቃል? ደግሞስ መሣሪያውን ማን ይሸከመዋል? በዘርፉ የተለመደው ጥንቃቄ ሸክሙ ከወፉ ክብደት 3 በመቶ ገደማ እንዳያልፍ ነው። የአሜሪካ ኬስትረል የሚባለው ትንሽ ጭልፊት የሚመዝነው 120 ግራም ያህል ነው፤ አራት ግራም የማይሞላ ዕቃ ብቻ ነው የሚችለው። የዚህ ወፍ መመናመን በሰሜን አሜሪካ እንዲታወቅ ካደረጉት ማስረጃዎች አንዱ በየተራራው ጫፍ የቆሙ ቆጣሪዎች የያዙት መዝገብ ነው።

ቆጠራው በፍልሰት ጊዜ የሚደረገውም ያለ ምክንያት አይደለም። ንስርና ጥንብ አንሳ ክንፋቸውን እያርገበገቡ አህጉር አያቋርጡም። ፀሐይ ካሞቀችው መሬት ሽቅብ በሚወጣው አየር ላይ ተንሳፈው ከፍ ይሉና ወደሚቀጥለው ይንሸራተታሉ። ባሕር ላይ ይህ አየር እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ ጠባብ መሻገሪያ ፈልገው ይጎርፋሉ። በባብ ኤል መንደብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 መጸው፣ በጥቂት ሳምንታት ቆጠራ ብቻ፣ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች ሲያልፉ ተመዝግቧል። በጥቁር ባሕርና በካውካሰስ ተራሮች መካከል ባለችው ባቱሚ በየመጸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ያልፋሉ። በሜክሲኮዋ ቬራክሩዝ ደግሞ ቁጥሩ በሚሊዮኖች ነው። እነዚህ ወፎች በቀረው ጊዜ ጎጇቸው ሰው በማይደርስበት ጫካና ሜዳ ተበትኗል። አንድ በአንድ እየዞሩ ጎጆ ከመቁጠርና ራሳቸው ተሰብስበው በሚያልፉበት በር ላይ ከመቆም የቱ ይሻላል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአሜሪካዋ ፔንሲልቬኒያ ሆክ ማውንቴን የሚባል ሸንተረር አለ። አዳኞች መሣሪያ ይዘው እየወጡ ጭልፊትና ንስር የሚረግፉበት ቦታ ነበር። በ1934 ሮዛሊ ኤጅ የተባለች ሴት መሬቱን ተከራይታ አደኑን አስቆመች፤ ሞሪስ ብራውን ጠባቂ ሆኖ ገባና በዚያው ዓመት መቁጠር ጀመረ። ብራውን ድምሩን ብቻ ጽፎ አልተወም። የነጭ ራስ ንስር ጫጩት ካደገ በኋላም ለዓመታት ራሱ ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ወጣቱን ካዋቂው በዓይን መለየት ይቻላል፤ እሱም እየለየ ጻፈ። ከ1935 እስከ 1939 ካለፉት ንስሮች 40 በመቶው ወጣቶች ነበሩ። ከ1955 እስከ 1959 ወደ 20 በመቶ ወረዱ። በ1957 ለ32 አዋቂ ንስር የተገኘው ወጣት አንድ ብቻ ነበር። አንድ! አዋቂዎቹ እያለፉ ነው፤ ልጅ ግን የላቸውም። ሰማዩን ቀና ብሎ ላየ ሰው ንስር አለ፤ መዝገቡን ለገለጠ ሰው ንስር እያለቀ ነው። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሬቸል ካርሰን በ1962 ስለ ፀረ ተባይ መርዞች ስትጽፍ የጠቀሰችው ይህንኑ ቁጥር ነው። ዲዲቲ የሚባለው ፀረ ተባይ መርዝ የአዳኝ ወፎችን የእንቁላል ቅርፊት እያሳሳ እናቲቱ ስትታቀፈው እንዲሰበር እንደሚያደርግ ገና አልታወቀም ነበር። የቅርፊቱ መሳሳት የተደረሰበት በ1967 በብሪታንያ ነው፤ አሜሪካ ዲዲቲን ያገደችው በ1972። ቤተ ሙከራው ምክንያቱን ሳያውቅ ተራራ ላይ የቆመው ሰው ጥፋቱን ጽፎት ነበር። ይህን ነው እንግዲህ ጊዜ ማሳለፊያ የሚሉት።

ሥራውን አይቶ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይናገርም። ወፎቹ በሞቃት አየር ላይ ተጠምጥመው ሲዞሩ ሊቆጠሩ አይችሉም፤ አንዱ ሌላውን ይጋርዳል። ቆጣሪው ይጠብቃል። ከላይ ደርሰው ተራ በተራ መንሸራተት ሲጀምሩ ባይኖኩላሩን ሳያወርድ በእጁ ያለውን የቁጥር መሣሪያ ለእያንዳንዱ ይጫናል። ስቴፕ ንስር የሚባለው የንስር ዝርያ ወጣቱ በክንፉ ሥር በርዝመቱ የሚሄድ ሰፊ ነጭ ጥለት አለው፤ አዋቂው ላባውን በመቀየር ላይ ስለሚሆን የክንፉ ዳር ሸረፍረፍ ያለ ነው፤ የወጣቱ ግን ወጥና አዲስ ነው። ይህን በሴኮንዶች ውስጥ አይቶ፣ ለይቶ፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ጨምሮ ይጽፋል። በማግስቱም እንደዚሁ።

ነፋስ ቁጥሩን ያዛባል? የአንድ ቀኑን፣ ምናልባትም የአንድ ዓመቱን ያዛባል። የሠላሳ ዓመቱን ግን ነፋስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደ አንድ ወገን ካልነፈሰ በስተቀር አያዛባውም። ለዚህም ነው ቁጥሩ በቆጠራ ሰዓት ልክ የሚሰላውና የብዙ ጣቢያዎች መዝገብ የሚነጻጸረው። አንድ ነገር እቀበላለሁ፤ ወፎች ፍልሰታቸውን ሊያሳጥሩ ይችላሉ። በአሜሪካ ኬፕ ሜይ በሚባለው የቆጠራ ቦታ የአንድ ትንሽ ጭልፊት ቁጥር ሲወርድ፣ ወፉ ብርዱን በሰሜን ማሳለፍ ጀምሮ ይሆናል ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ግን ይህን ለመጠርጠር ያስቻላቸው በሰሜን በብርድ ወራት የሚደረግ ሌላ ቆጠራ ነው። ለቆጠራ ጉድለት መድኃኒቱ ተጨማሪ ቆጠራ ሆኖ ሳለ ተናጋሪው ያዘዙልን መዝጋትን ነው።

በሆክ ማውንቴን መዝገብ ከ1943 እስከ 1945 ያለው ረድፍ ባዶ ነው። ጦርነት ስለነበር ቆጠራው ተቋርጦ በ1946 ቀጠለ። ዲዲቲ ለሕዝብ ገበያ የወጣው በ1945 ነው። የዚያ ዘመን ገንዘብ ያዦች ቆጠራው አንዴ ከተቋረጠ በዚያው ይቅር ቢሉ ኖሮ የ1957ቷን አንዲት ወጣት ንስር የሚጽፋት አይኖርም ነበር። የሦስቱ ዓመታት ረድፍ እስከ ዛሬ አልተሞላም። ቆጠራውን እንዝጋ የሚሉት ከመጪዎቹ ዓመታት የትኞቹን ባዶ እንድንተው እንደሚፈልጉ በስማቸው ፈርመው ይንገሩን።