የአቃቂን ውሃ ገበሬው ራሱ ቢመረምረው

በአቃቂ ወንዝ ዳር ቆስጣና ጎመን የሚያለማ ገበሬ፣ ውሃው ዛሬ ምን ይዞ እንደመጣ የሚለየው በመልኩና በሽታው ነው። መርዝ ግን ሁሌ አይሸትም። ናሙናው ላቦራቶሪ ቢላክ እንኳ ውጤቱ እስኪመጣ ቆስጣው ተሽጦ ተበልቷል። ስለ ናኖዛይም፣ ማለትም በሕያው አካል ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥነውን የኢንዛይምን ሥራ ስለሚሠራ እጅግ ደቃቅ ብናኝ፣ ሳነብ ቀድሞ በሐሳቤ የመጣው ይህ ገበሬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 በቻይና ሳይንስ አካዳሚ የያን ሺዩን የምርምር ቡድን አንድ ያልተጠበቀ ግኝት ይፋ አደረገ። በኬሚካል ረገድ ዝምተኛ ተደርጎ ይታይ የነበረ የብረት ኦክሳይድ ብናኝ፣ የፔሮክሲዴዝ ኢንዛይምን ሥራ ሲሠራ ተገኘ፤ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ባለበት፣ ቀለም አልባውን መፈተሻ ኬሚካል ሰማያዊ አደረገው። የተፈጥሮ ኢንዛይም ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ያበላሸዋል፤ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ውድም ነው። ብናኙ ግን መብራት ቢጠፋም አይበላሽም።

ብዙዎችን የሚያስደንቀው የማጽዳት ችሎታው ነው። እውነት ነው፣ እንደ ፌኖል ያሉ በካዮችን ይሰባብራል፤ ሲጨርስም በማግኔት ተለቅሞ ይወጣል። ነገር ግን ይህ የብረት ብናኝ በደንብ የሚሠራው ፒኤች 3.5 አካባቢ በሆነ፣ ማለትም በጣም በኮመጠጠ ውሃ ውስጥ ነው። ወንዝ ማን ያኮመጥጣል? ፔሮክሳይዱንስ ማን ሲጨምር ይኖራል? የቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ክሮሚየም ደግሞ ራሱ ንጥረ ነገር ስለሆነ የትኛውም ኢንዛይም አይሰባብረውም። መያዝ ያለበት ከፋብሪካው በር ሳይወጣ ነው።

አንዲት ጠብታ ማኮምጠጥ ግን ቀላል ነው። ለዚህ ነው ገንዘባችንና ጉልበታችን ቅድሚያ ወደ መመርመሪያው፣ ማለትም ጠብታ ውሃ ሲነካው በናኖዛይም አማካይነት ቀለም ወደሚቀይር ወረቀት፣ ይሂድ የምለው። ለምሳሌ ሜርኩሪ ሲኖር የወርቅ ብናኝ የኢንዛይምነት ሥራው ይበረታል፤ ቀለሙም ይደምቃል፤ ያለ ምንም መሣሪያ በዓይን ይታያል። ጭቃና ጨው ውጤቱን ሊያሳስቱ ስለሚችሉ የዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶቻችን ሙከራውን በተጣራ ውሃ ሳይሆን ከአቃቂ በተቀዳው ውሃ ላይ ያድርጉት። ወረቀቱ የጠረጠረውን ላቦራቶሪ ያረጋግጠው።

ከኬሚስትሪው ይልቅ የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ወረቀቱ ቀለም በቀየረ ዕለት ገበሬው ለማን ይናገራል? ማሳው ታግዶ ልጆቹ የሚራቡ ከሆነ ወረቀቱን ይደብቀዋል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እደብቀዋለሁ። ስለዚህ መመርመሪያው ሲታደል፣ ጥቆማውን የሚቀበለው ቢሮና ለተወገደው አትክልት የሚከፈለው ካሳ አብረው ይወሰኑ፤ ካሳውንም ፍሳሹን የለቀቀው ይክፈል።